ሴትና ወንድ ልጆች ከጓደኛ ጋር ሲጫወቱ፦ ልዩነቱ ከየት ይመጣል፣ ምንስ ይደረጋል?

«ወንድ ልጅ መቼም መላፋት ይወዳል፣ ተፈጥሮው ነው።» «ሴት ልጅ ጭምት ናት፣ ግን ታኮርፋለች።» በየኬጂው ግቢና በየወላጅ ስብሰባው የሚሰማው ይኸው ነው። ሁለቱም አባባሎች ልጁን ከጓደኞቹ ነጥለው ያዩታል። ከ3 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ጨዋታ ላይ የሚታየውን ልዩነት በአብዛኛው የሚወስኑት ግን በዙሪያው ያሉ ነገሮች ናቸው። ልጁ ከማን ጋር ነው? ስንት ሆነው ነው? ቦታው ይበቃቸዋል? ትልቅ ሰው ምን ያህል ቀርቧቸዋል? እነዚህን አራት ነገሮች ማስተካከል የልጅን ጠባይ ለመለወጥ ከመታገል በብዙ ይቀላል።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ካሮል ጃክሊንና ኤሊነር ማኮቢ በ1978 ያወጡት ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አማካይ ዕድሜያቸው 33 ወር የሆነ፣ ቀድሞ የማይተዋወቁ ልጆችን ሁለት ሁለት አድርገው መጫወቻ ባለበት ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። የእያንዳንዱ ልጅ ድርጊት ለብቻው ሲቆጠር በሴቶችና በወንዶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ውጤቱ ሌላ የሆነው ጥንዶቹ ሲለዩ ነው። ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ሲሆኑ ብዙ ይቀራረባሉ፣ ይሰጣጣሉ፣ ይነጣጠቃሉም። ሴቷ ከወንድ ጋር ስትጣመር ግን ብዙ ጊዜ ዳር ቆማ ታያለች። ወንዶቹም ሴቷ «ተው» ስትላቸው እምብዛም አይሰሟትም። እንግዲህ «ጭምት» የምንላት ልጅ ጭምት የምትሆነው ሁልጊዜ ላይሆን ይችላል። ፍርድ ከመስጠት በፊት ከሁለት የተለያዩ ጓደኞች ጋር ስትጫወት ማየት ያስፈልጋል።

በራስ ፈቃድ በጾታ መለየት የሚጀምረው ብዙ ሰው ከሚያስበው ቀድሞ ነው። በሞንትሪያል መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የተሠራና በ1984 የወጣ ጥናት፣ ሴቶች ልጆች ሴት ጓደኛ መምረጥ የሚጀምሩት በ27 ወር ገደማ፣ ወንዶቹ ወንድ መምረጥ የሚጀምሩት በ36 ወር ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ዘግይተው የጀመሩት ወንዶች ኋላ ላይ ይብሳሉ። ማኮቢና ጃክሊን በ1987 እንዳወጡት፣ ልጆች በ4 ዓመት ተኩል ከራሳቸው ጾታ ጋር የሚጫወቱት ጊዜ ከሌላው ጾታ ጋር ከሚጫወቱት 3 እጥፍ ያህል ነው። በ6 ዓመት ተኩል 11 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ለመምህር ምቹው ጊዜ ኬጂ 1 እና ኬጂ 2 ነው። ዜሮ ክፍል ላይ የሚጀመር ሥራም ፍሬ አለው፤ ድካሙ ግን ይበዛል።

ለምን ይለያያሉ? በጃኔት ዲፒየትሮ የ1981 ጥናት 4 ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸው ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ሴቶቹ ለብቻ ወንዶቹ ለብቻ፣ የቤት ዕቃ የሌለበት ክፍል ውስጥ ገቡ። በውስጡ ትንሽ ትራምፖሊን፣ ኳስና ሲመቱት ወድቆ የሚነሳ በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ነበር። ወንዶቹ አንዱ በሌላው ላይ እየወደቁ ትራምፖሊኑን የልፊያ ቦታ አደረጉት። ሴቶቹም ዘለሉ፤ ነገር ግን ተራ የሚጠበቅበት ደንብ አወጡ። አንዲት ልጅ የወንዶቹ ትራምፖሊን ላይ ተራዋን እየጠበቀች ብትቆም ተራው መቼም አይደርሳትም። አንድ ወንድ ልጅም ሴቶቹ ላይ ዘሎ ቢወድቅባቸው ጨዋታው ይበተናል። ሁለቱም ክፉ ሐሳብ የላቸውም፣ የለመዱት ደንብ ነው የተለያየው።

በንግግርም እንዲሁ ነው። ሊሳ ሰርቢንና ባልደረቦቿ ያጠኗቸው ልጆች ከ3 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ተኩል ሲያድጉ፣ ሴቶቹ ጓደኛን ለማሳመን የሚጠቀሙት ለስላሳ ሐሳብ ማቅረብን ሆነ፤ «እስቲ እኔም ልሞክር?» እንደማለት። ወንዶቹ ወደ ቀጥተኛ ትእዛዝ አዘነበሉ፤ «አምጣ!» እንደማለት። ወንዶቹ ከዕድሜ ጋር ለለስላሳው ጥያቄ ጆሮ መስጠታቸውን እየቀነሱ ሄዱ። ቤቨርሊ ፋጎት በ1985 ባወጣችው ሥራ ደግሞ ትንንሽ ሴቶች ልጆች ሴት ጓደኛም መምህርም ሲናገራቸው ይሰማሉ፤ ወንዶቹ ግን ይበልጡን የሚሰሙት ሌላ ወንድ ሲናገራቸው ነው። ልመናዋ የማይሰማላት ልጅ ከዚያ ጓደኛ ብትሸሽ አያስገርምም። ማኮቢ ሴቶቹ ቀድመው የሚለዩበትን ምክንያት ያስረዳችው በዚህ መንገድ ነው፣ እኔም ከሁሉ የሚያሳምነኝ ይኸው ነው።

ልዩነቱን ማጋነንም ጉዳት አለው። ከጠንካሮቹ ልዩነቶች አንዱ የእንቅስቃሴ መጠን ነው። ዋረን ኢተንና ሌስሊ ኤንስ በ1986 ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ የወንዶቹ አማካይ ከሴቶቹ በግማሽ መደበኛ ልይይት ያህል (0.49) በልጦ ተገኘ። ይህ በክፍል ውስጥ ምን ማለት ነው? አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ብታወጡ፣ ከ100 ጊዜ 36ቱን ያህል ይበልጥ የምትሯሯጠው ሴቷ ናት። «ወንዶች ይሩጡ፣ ሴቶች ይቀመጡ» ተብሎ የሚከፈል ክፍል ከሦስት ሴቶች አንዷን ያለ ፍላጎቷ ያስቀምጣል፤ መቀመጥ የሚወደውንም ወንድ ይበድላል።

መለያየቱ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ልጅ ጓደኛ የመምረጥ መብት አለው። የሚያሳስበው ሲበረታ ነው። ካሮል ማርቲንና ሪቻርድ ፋብስ በ2001 ባወጡት ጥናት 61 ሕፃናትን ለ6 ወር ተከታትለዋል። ከራሳቸው ጾታ ጋር ብዙ ጊዜ ያሳለፉት ወንዶች በወራቱ መጨረሻ ይበልጥ የሚንቀሳቀሱና የሚጋጩ ሆኑ፤ ሴቶቹ ደግሞ ይበልጥ ዝም ያሉ። በተፈጥሮ የመጣ የሚመስለን ነገር ከፊሉ ስድስት ወር ከማን ጋር ተጫወቱ የሚለው ውጤት ነው ማለት ነው። ሴቷ ከወንዶቹ ጋር ስትሆን ድምፅ ከፍ አድርጎ መከራከርን፣ ወንዱ ከሴቶቹ ጋር ሲሆን ተራ መጠበቅንና ማዳመጥን ይለማመዳሉ። አንደኛ ክፍል ሲገቡ ሁለቱም ያስፈልጓቸዋል።

በሰፈር ያለው ጨዋታ ከኬጂው ይልቅ የተቀላቀለ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አለ? አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ልጆች ብቻ ካሉ፣ አኩኩሉ ለመጫወት ሁሉም ያስፈልጋሉ። ታላቅ እህት ታናሽ ወንድሟን ይዛ ስለምትወጣ ዕድሜውም ጾታውም ይደባለቃል። ኬጂ ውስጥ ግን 30 እኩያ ልጅ አለ፣ የሚመረጥ ሞልቷል። በባህላችንም ለቡሄ ወንዶች፣ ለእንቁጣጣሽ ሴቶች ለየብቻ በቡድን የሚወጡበት ወግ አለ። ወጉ ያማረ ነው፤ የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ በዚያ ልክ መክፈል ግን የወጉ ትእዛዝ አይደለም።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ግምት ያሳስታል። በነጻ ጨዋታ ሰዓት 30 ደቂቃ ውሰዱ። በየ5 ደቂቃው አንዴ ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኙና በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ልጅ ከማን ጋር እንደሆነ ምልክት አድርጉ፦ ብቻውን፣ ዳር ቆሞ የሚያይ፣ ከራሱ ጾታ ጋር፣ ከሌላው ጾታ ጋር፣ ከሁለቱም ጋር። በቀን 6 ቅኝት፣ በሳምንት 5 ቀን 30 ቅኝት ይሆናል፤ ለአንድ ልጅ ይህ ይበቃል። ስህተት የሚገባው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የሚሠሩ ልጆችን «አብረው ነው» ብሎ መጻፍ ነው። መነጋገር፣ መሰጣጣት ወይም አንድ ዓላማ ከሌለ አብሮ መጫወት አይደለም። ሁለተኛው የክፍሉን ቁጥር መርሳት ነው። 14 ወንድና 6 ሴት ባለበት ክፍል አንድ ወንድ ጓደኛ በዕጣ ቢመርጥ እንኳ ከ19ኙ 13ቱ፣ ማለትም 68 በመቶው፣ ወንድ ነው። በቅኝቱ 70 በመቶ ከወጣ ልጁ እየተለየ አይደለም። 10 ወንድና 10 ሴት ባለበት ክፍል ግን በዕጣ የሚጠበቀው 47 በመቶ ስለሆነ፣ ያው 70 በመቶ ትልቅ ትርጉም አለው።

ቀጥሎ ሜትር ያዙ። ፒተር ስሚዝና ኬቨን ኮኖሊ በ1980 ባወጡት ሥራ ለአንድ ልጅ የሚደርሰውን ቦታ እየቀነሱ ሞክረዋል። ከ7 ካሬ ሜትር ወደ 2.3 ካሬ ሜትር ሲወርድ ጠቡ ብዙ አልተለወጠም። ወደ 1.4 ሲወርድ ግን ጠብ ጨመረ፣ የቡድን ጨዋታም ቀነሰ። 6 በ7 ሜትር የሆነ ክፍል 42 ካሬ ሜትር ነው። መደርደሪያውና ጠረጴዛው 10 ካሬ ሜትር ቢይዝ 32 ይቀራል፤ ለአንድ ልጅ 2.3 ካሬ ሜትር ሲታሰብ ይህ ለ14 ልጆች ብቻ የሚበቃ የመጫወቻ ቦታ ነው። በብዙ ዜሮ ክፍል ያለው የልጅ ቁጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ክፍሉን ማስፋት ባይቻል ግማሹ ልጅ ውጪ፣ ግማሹ ውስጥ እየሆነ በ25 ደቂቃ መቀያየር ይቻላል። ግማሹ ሲከፈል ግን ወንድና ሴት ተብሎ አይከፈል፤ ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የመጫወቻ ማዕዘኖቹን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ብሎክ አንድ ጥግ፣ የእቃ እቃ መጫወቻው ሌላ ጥግ ይቀመጣል፣ መሐል ላይ መደርደሪያ ይቆማል። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ብሎኩ የወንዶች፣ እቃ እቃው የሴቶች ይሆናል። ካቲ ኪንስማንና ሎራ በርክ በ1979 ባወጡት ሥራ ሁለቱን የሚለየው መደርደሪያ ሲነሳ ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚጫወቱት ጨዋታ ጨመረ። ወጪ የለውም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሁለቱን ማዕዘኖች ጎን ለጎን አምጡ፣ ምንጣፉን አንድ አድርጉት፣ ለአንድ ልጅ 15 ያህል ብሎክ እንዲደርስ አድርጉ። ከዚህ ካነሰ ግንባታው ወደ ንጥቂያ ይዞራል። የእቃ እቃውን ጨዋታም አስፉት። «አባት» እና «እናት» ብቻ ካለ ወንዱ ሥራ ሄዶ መመለስ እንጂ የሚሠራው የለውም፣ በሁለት ደቂቃ ይሰለቻል። ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ዳቦ ቤት ወይም ታክሲ ይጨመር። አራት ወንበር ተደርድሮ ሹፌር፣ ወያላና ተሳፋሪ ሲኖር ሁሉም የሚናገረው አለው፤ ባለሱቋም ወያላዋም ሴት ልትሆን ትችላለች። ብሎኩ የሱቁ ግድግዳ ይሆናል።

መምህሯ የት ትቀመጥ? ሴቶች ልጆች፣ በተለይ ወንዶች ሲበዙ፣ ወደ ትልቅ ሰው ይጠጋሉ። ሚስ ሁልጊዜ ሥዕሉ ጠረጴዛ አጠገብ ከተቀመጠች ሴቶቹም እዚያው ይቀራሉ፣ ብሎኩን ሳይነኩት ዓመቱ ያልቃል። በቀን 10 ደቂቃ ብሎኩ ምንጣፍ ላይ፣ ወለል ላይ ቁጭ ማለቷ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። መምራት አያስፈልግም፣ መገኘት ይበቃል። ሥራዋ አንድ ነገር ነው፦ ለስላሳው ድምፅ እንዲሰማ ማድረግ። «እሷ ምን እንዳለች ሰማህ? እስቲ ድገሚለት።» ቀጥሎ መልሱን መጠበቅ። መምህሯ በልጅቷ ፈንታ ከወሰነች ወንዱ የሚሰማው ትልቅ ሰውን እንጂ ጓደኛውን አይሆንም።

ልፊያን ከጠብ መለየት የግድ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ መምህራን ሁለቱንም በአንድነት ይከለክላሉ። ፊታቸውን እዩ፦ ይስቃሉ ወይስ ጥርስ ነክሰዋል? እጅ እዩ፦ መዳፍ ክፍት ነው ወይስ ቡጢ? ተራ ይቀያየራሉ፣ ማለትም ጠንካራው ሆን ብሎ ይወድቃል? ካበቁ በኋላ አብረው ይቀጥላሉ ወይስ ይለያያሉ? የመጨረሻው ምልክት ከሁሉም ይታመናል፤ ልፊያ ጓደኞችን አብሮ ያቆያል፣ ጠብ ይበትናቸዋል። ልፊያ ወደ ጠብ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ አንደኛው ልጅ ምልክቱን ማንበብ ሳይችል ሲቀር፣ ወይም ቦታው ጠቦ ሳይታሰብ ግድግዳ ሲመታው ነው። ለስላሳ ምንጣፍ፣ ጫማ ማውለቅና «በቃ ሲል ያቆማል» የሚል አንድ ደንብ ይበቃሉ። መላፋት የሚፈልጉ ሴቶችም አሉ፤ ከምንጣፉ አትከልክሏቸው።

ማግለል ግን ድምፅ ስለሌለው ያመልጣል። «አላጫውትሽም»፣ «ልደቴ ላይ አልጠራሽም»፣ ጀርባ ማዞር፣ ጆሮ ላይ ማንሾካሾክ። ኒኪ ክሪክና ባልደረቦቿ በ1997 ይህ ዓይነቱ ጥቃት ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ እንዳለ፣ መምህራንም ይበልጥ በሴቶች ላይ እንደሚያዩት አሳይተዋል። በእጅ ከመምታት እኩል መታየት አለበት። ሦስት ሴቶች ሲሆኑ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሲጣበቁ አንዷ ትቀራለች። ሱዚን እንውሰድ። 4 ሜትር ያህል ላስቲክ ጫፉና ጫፉ ታስሮ ሁለቱ በእግራቸው ይወጥሩታል፣ አንዷ ትዘላለች። ሁለቱ ተስማምተው ሦስተኛዋን ሁልጊዜ ያዥ ሊያደርጓት ይችላሉ። አንዱን ጫፍ ወንበር ላይ አድርጉት፤ ያኔ ያዥ አንድ ብቻ ይሆናል፣ በየዙሩም ይቀየራል። ለ5 ዓመት ልጅ ላስቲኩን ከቁርጭምጭሚት ጀምሩ፣ ከጉልበት በላይ አታሳድጉት። ወንዶችም ቁመቱ ዝቅ ሲልላቸውና አዝላዩ ትልቅ ሰው ሲሆን ደስ ብሏቸው ይገባሉ።

አባሮሽ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ወንዶች ሴቶችን የሚያባርሩበት አባሮሽ የተቀላቀለ ጨዋታ ይመስላል፤ ሥራው ግን «እነሱ» እና «እኛ» የሚለውን ማጥበቅ ነው። አባራሪው በዕጣ ይውጣ፣ ቡድኑም በሸሚዝ ቀለም ወይም በስም መጀመሪያ ፊደል ይከፈል። ብይ ላይ ደግሞ ጠቡ የሚመጣው ከመውሰድ ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ብዩን በጨዋታው መጨረሻ ለባለቤቱ መመለስ ይሻላል። ከዚያ ለመማር የምትገባ ሴት ልጅ ብይዋን አጥታ አትወጣም።

ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ «አጫውቱኝ» ሲል ብዙ ጊዜ «አይ» ይባላል፤ ጥያቄው ራሱ ለእምቢታ በር ይከፍታል። ሌላ መንገድ አስተምሩት። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቆሞ ምን እንደሚጫወቱ ይይ። ቀጥሎ አጠገባቸው ያንኑ ዓይነት ነገር ይሥራ። ከዚያ የሚጎድላቸውን ይዞ ይምጣ፦ ሱቁ ገዢ ከሌለው ገዢ፣ ታክሲው ተሳፋሪ ከሌለው ተሳፋሪ ይሁን። ገብቶ ሕጉን ለመቀየር የሚሞክር ልጅ ይባረራል፤ ቢያንስ አንድ ዙር እንደነሱ ይጫወት። ይህ መንገድ ወንድ ወደ ሴቶች፣ ሴት ወደ ወንዶች ሲገቡም ይሠራል።

አጠራራችንም ይቆጠራል። ሌሲ ሂሊያርድና ሊን ሊበን በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በአንዳንድ የሕፃናት ክፍሎች መምህራን ለ2 ሳምንት ልጆቹን በጾታ እየጠሩና እያሰለፉ፣ በሌሎቹ ደግሞ ያን ሳያደርጉ ቆዩ። በጾታ የተጠሩት ልጆች ከሌላው ጾታ ጋር መጫወት ቀነሱ፣ ስለሌላው ጾታ ያላቸው በጎ አመለካከትም ቀነሰ። ሁለት ሳምንት ብቻ! «ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ ተሰለፉ» የሚለውን «ኑ፣ ተሰለፉ» በሚል ተኩ። «ወንዶቹ አሸነፉ» የሚባል የክፍል ውድድር ቢቀር ደስ ይለኛል።

አብረው ሲጫወቱ ማመስገን ይረዳል፤ ሰርቢንና ባልደረቦቿ በ1977 መምህራን የተቀላቀለ ጨዋታን ጠቅሰው ሲያመሰግኑ ጨዋታው እንደጨመረ፣ ምስጋናው ሲቆም ግን ወደ ነበረበት እንደተመለሰ አሳይተዋል። ስለዚህ ምስጋናን ብቻ ይዞ መሄድ አያዛልቅም፤ መደርደሪያው እንደተነሳ ይቆይ፣ መምህሯም ከምንጣፉ አትጥፋ። ስታመሰግኑ ሥራውን ጥቀሱ፦ «ሱቁን አብራችሁ ሠራችሁት፣ ጣሪያውም አልወደቀም።» «ጎበዝ፣ ከሴቶች ጋር ተጫወትክ» ማለት ግን ወንዱን ያሳፍረዋል፣ በማግስቱ አይመለስም።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ልጃቸው እቃ እቃ ሲወድ ወይም ልጃቸው ኳስ ብቻ ስትል ነው። ጓደኛ ያለው፣ የሚስቅ፣ ጨዋታ መጀመርና መጨረስ የሚችል ልጅ በምርጫው አያሳስብም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ ከ30 ቅኝት በ15ቱና ከዚያ በላይ ዳር ቆሞ የሚያይ፣ ከአንድም ጾታ ጓደኛ የሌለው ልጅ። ለእሱ በየቀኑ 15 ደቂቃ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ፣ ሁለት ሰው የግድ የሚል ሥራ ስጡት፤ ሰፊ ሰሃን ተሸክሞ ውሃ ማመላለስ ወይም አንሶላ ማጠፍ። ጓደኛው ከእሱ አንድ ዓመት የሚያንስ ቢሆን ይሻላል፣ ታናሽ ልጅ ብዙ አይገፋምና። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልቀነሰ መስማቱንና ንግግሩን በሐኪም ማስመርመር ይቅደም።